ከጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ሣር

ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ተነሥቻለሁ። ጥቂት መስመር እሄድና ታደሰ የሚለው ስም ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። አሁን ግን እስከ መጨረሻው ልሂድበት ብዬ ቆርጫለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ሮም ነገሩን ከሰው አፍ የሰሙ የአገሬ ልጆች አሉ፣ የሰሙትም ልክ አይደለም። አንዳንዱ ጸበል ሕፃን መረዘ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ጣልያኑ ሆን ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ መርዝ ጨመረ ይላል። ሁለቱም አልሆነም። እኔ ነበርኩበትና የሆነውን ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ታደሰ አትክልተኛ ነበር። ሮም እንደመጣን ሁለታችንም በየሰው ቤት ስንሠራ ቆይተን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ኮረብቶቹ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰፊ ግቢ ያላቸው ሲኞራ ፍራንካ የሚባሉ አሮጊት ለአትክልታቸው ሰው ሲፈልጉ እሱ ተቀጠረ። ከደመወዙ ጋር በግቢው በር አጠገብ ያለችውን ሁለት ክፍል ቤት ሰጡን። ልጅ አልወለድንም። ታደሰ ቤቷን እንደ ልጅ ነበር የሚይዛት፤ በየዓመቱ ቀለም ይቀባታል፣ ቀለሙን ግን አንድ ጊዜም ቀይሮት አያውቅም።

ግቢው ከላይ እስከ ታች ሣር ነው። ከታችኛው ጫፍ፣ ከአጥሩ ሥር ከሚያልፈው ቦይ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የድሮ ጉድጓድ አለ። ቤታችን የከተማው ውሃ በቧንቧ ይገባል፤ ጉድጓዱ ለተክል ማጠጫ ነበር። ታደሰ ታሞ ከአልጋ የዋለ ጊዜ ግን የንስሐ አባታችን መጥተው ጉድጓዱ ላይ ጸሎት አደረሱበት። ከዚያ ወዲህ ለእኛ ጸበል ሆነ። በየጠዋቱ በባዶ ሆዱ አንድ ብርጭቆ ይጠጣ ነበር። ሕመሙ አልለቀቀውም። ሲጠጣው ግን ፊቱ ፈታ ይል ነበር፤ ለእኔ ያም ትልቅ ነገር ነበር።

በግቢው በር ላይ የኮሙኔው፣ የከተማው አስተዳደር፣ ማስታወቂያ ተለጥፏል። በአካባቢው ጉድጓድና ቦይ ስለሚበዛ የሣር ማዳበሪያ ከውሃ አጠገብ መበተን ክልክል ነው፣ ዝናብ ሊጥል ሲልም ክልክል ነው፣ በብርዱ ወራት ደግሞ ጭራሽ አይቻልም ይላል። እኔ እቀልድ ነበር። እዚህ አገር ሣሩም እንደ እኛ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያስፈልገዋል እለዋለሁ። ታደሰ ይስቅና፣ ሣሩ የሚችለውን ያህል ይበላል፣ የተረፈውን ዝናቡ ያጥበዋል ይለኛል። «ዝናቡስ ወዴት የሚሄድ ይመስልሻል?» ብሎ በአገጩ ወደ ጉድጓዱ ያሳየኛል። በጉድጓዱ ዙሪያ ራቅ አድርጎ ድንጋይ ደርድሮ ነጭ ቀለም ቀብቶ ነበር። ከድንጋዮቹ ወደ ውስጥ ማዳበሪያ የሚባል ነገር አያስገባም። ስለዚህ ግቢው ሁሉ አረንጓዴ ሲሆን ያች ክብ ቦታ ሁልጊዜ ገርጣ ያለች ነበረች። ሲኞራ ፍራንካ ከመስኮታቸው እያዩ አስቀያሚ ናት ይሉ ነበር። በሌላው ሁሉ ይታዘዝላቸዋል፤ በእሷ ብቻ አልታዘዘላቸውም።

ታደሰ ያረፈው ከፋሲካ በኋላ ነው።

ከቀብሩ በኋላ የሲኞራዋ የእኅት ልጅ ጁሊዮ መጣ። የአክስቱን ጉዳይ ሁሉ የሚጨርሰው እሱ ነው። ብዙ የማይናገር፣ ሲናገርም በመኪናው ቁልፍ ላይ ዓይኑን ተክሎ የሚናገር ሰው ነው። ለጊዜው እዚሁ እንድቆይ፣ ስለ አትክልቱ ግን እንደምናይ ነገረኝ። «እናያለን» የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ሲተኛና ሲነሣ ኖረ። ቤቷ የአትክልተኛው ቤት ናት። አዲስ አትክልተኛ ሲመጣ እኔ እወጣለሁ ማለት ነው። የታደሰ እጅ ያላረፈበት ግድግዳ የሌላት ቤት ናት፤ ከእሷ ወጥቼ የት ሄጄ እንደማለቅስ አላውቅም ነበር።

እኔ በሳምንቱ መሐል ከተማ ገብቼ የሰው ቤት አጸዳለሁ። ማለዳ ወጥቼ ሲመሽ እገባለሁ። በጋው አጋማሽ ላይ ነው ሣሩ እንደማያድግ ልብ ያልኩት። ማንም ሲያጭደው አላየሁም፣ ግን ታጭዷል። እሺ፣ ጁሊዮ ሰው አምጥቷል አልኩ። ታዲያ ለምን አልነገረኝም? ሰውየውስ ለምን እኔ ቤት በሌለሁበት ቀን ብቻ ይመጣል? አንድ ቀን ደግሞ ታደሰ የሚወደው ላቫንዳ የሚባል ባለ መዓዛ ተክል ከሥሩ ተቆርጦ አገኘሁት። አረም ነው ብሎ የቆረጠው ሰው አትክልተኛ አይደለም ብዬ ተናደድኩ።

ቀጥሎ ቦቲው ነው። የታደሰ ቦቲ ጫማ ከዕቃ ቤቱ በር ጀርባ፣ እሱ ራሱ ባስቀመጠበት ቦታ ቆሞ ነበር። ልነካው አልደፈርኩም። አንድ ምሽት ሳየው ቦቲው ረጥቧል፤ ተረከዙ ላይ ሣር ተለጥፎበታል። የገለባ ባርኔጣውም ከምስማሩ ላይ ተዛውሮ ሌላ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከአበባ ማሰሮው ሥር እንደሚቀመጥ የሚያውቀው የቤት ሰው ብቻ ነው። የሞተ ሰው ጫማ እርጥብ ሆኖ ስታዩት ምን እንደሚሰማ ልነግራችሁ አልችልም።

በነጋታው ሲኞራ ፍራንካን ሰላም ልል ገባሁ። አእምሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ከመስኮቱ ሥር ነው የሚውሉት። እጄን ያዙኝና፣ «ታዴ ትናንት መጥቶ ነበር» አሉኝ። «ሣሩን አሳመረው። ግን በጣም ከስቷል፤ ምግብ ስጪው እንጂ፣ ዘና።» ዘና የሚሉት እኔን ነው።

እጃቸውን ሳምኩ። ቀን ቀን የምትረዳቸውን ሴት በር ላይ ይዤ ማን እንደሚመጣ ጠየቅኳት። ምንም አላየሁም ብላ ዓይኗን ወደ ወለሉ አደረገች። ያኔ ነው ሁሉም የሚያውቀው፣ እኔ ብቻ የማላውቀው አንድ ነገር እንዳለ የገባኝ።

ወደ አገሬ ሰዎች ዞርኩ። በወር አንድ ጊዜ ጽዋ እያዞርን የምንገናኝበት ማኅበር አለን፤ ታደሰ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። በዚያ ወር ተራው የደረሰው ቶር ፒኛታራ በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ ማኅበርተኛ ነበር። ደረጃውን ስወጣ የወንዶቹ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ በሩን ስከፍት ወሬው ተቋረጠ። አንዱ ስለ አውቶብስ መዘግየት ማውራት ጀመረ። ጁሊዮ አትክልተኛ ሳይቀጥር እንዳልቀረ፣ ከቤቱም ሊያስወጣኝ እንደሆነ ነገርኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ታላቃችን ሐዘን እንዲህ ያደርጋል፣ ነገር አታብዢ፣ እግዚአብሔር ያውቃል አሉኝ። የዋሹኝ መሰለኝ። ምናልባት ጁሊዮ እኔን አግባብተው እንዲያስወጡኝ ለምኗቸው ይሆናል አልኩ። እንዲህ ያለ ሐሳብ አንድ ጊዜ ከገባ አይወጣም፤ ሰላም የሚለኝን ሰው ሁሉ ፊት እመረምር ጀመር።

አሁን ስለ ዮናስና ስለ ፍሬወይኒ ልንገራችሁ። ባልና ሚስት ናቸው፤ በዕድሜ ልጆቻችን ይሆናሉ። ወላጆቻቸው ኤርትራውያን፣ እነሱ አዲስ አበባ ተምረው ያደጉ። ቪያ ኩርታቶኔ በሚባለው መንገድ ላይ ስደተኞች ተጠልለውበት ከነበረው ሕንፃ ሰዉ ሲባረር እነሱም ነበሩበት። ያን ጊዜ ፍራሻቸውንና ሻንጣቸውን ተቀብሎ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከሣር ማጨጃው ጎን የደረደረው ታደሰ ነው። ቶር ፒኛታራ ክፍል እስኪያገኙ ድረስ እኛ ጋ አደሩ። ታደሰን ጋሼ፣ እኔን እትዬ ይሉናል። ታደሰ በሞተ በጋ ፍሬወይኒ ሴት ልጅ ወለደች። ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ክርስትና የማነሣት እኔ ነበርኩ።

የታደሰ መንፈቅ ሲቃረብ ፍሬወይኒ ብቻዬን እንዳልሆን ብላ ሕፃኗን ይዛ እኔ ጋ መጣች። ዮናስ ሆቴል ወጥ ቤት ስለሚሠራ ቤታቸው ቀረ። ልጅቷ በጭኔ ላይ ስትተኛ ቤቷ ከስድስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ቤት መሰለችኝ። ግን ጥርጣሬዬ ፍሬወይኒንም አልማረም። ከዮናስ ጋር በስልክ ስታወራ ወደ ጓሮ ትወጣለች። አንድ ማታ በመስኮቱ በኩል፣ «አይ፣ እትዬ እስካሁን አልጠረጠሩም» ስትል ሰማኋት። ስትገባ ምን አልጠረጠርኩም ብዬ አልጠየቅኳትም። እሷንም ልከዋታል ማለት ነው አልኩ ለራሴ። ሕፃኗን አሳቅፈው፣ ልቤን አለስልሰው፣ ከዚያ ነይ ከእኛ ጋ ኑሪ ሊሉኝ ነው።

እሷ ከመምጣቷ በፊት የበጋውን ድርቀት የሰበረ ብርቱ ዝናብ ዘንቦ ነበር። ከዝናቡ በኋላ ግቢው ሁሉ ለመለመ። ዓርብ ማምሻውን ወደ ጉድጓዱ ስወርድ ግን ቆምኩ። በነጮቹ ድንጋዮች ውስጥ ያለው ሣር ከግቢው ሁሉ ይበልጥ አረንጓዴ ሆኗል። ጥቁር ሊሆን የደረሰ አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ እርጥብ። ታደሰ ያን ሁሉ ዓመት ገርጥቶ እንዲኖር የተወው ቦታ ነው። ተንበርክኬ በጣቶቼ ሣሩን ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። ከሥሩ ግማሹ የሟሟ ግራጫ ፍሬ አገኘሁ። አሸተትኩት፤ ታደሰ ከሥራ ሲመለስ እጁ ላይ የማውቀው የማዳበሪያ ሽታ ነው።

ያን ማታ ቁጭ ብዬ ነገሩን አቀናበርኩት። ጁሊዮ ግቢውን ሊሸጥ ነው። የሚገዛው ሰው ከመስኮት ሲያይ ሣሩ አንድ ዓይነት እንዲሆንለት ነው። ደንቡን ጥሶ ያስበተነውም እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አክስቱን ሊያይ ይመጣል። ነገ እይዘዋለሁ፣ ፍሬውን መዳፌ ላይ አድርጌ እጠይቀዋለሁ አልኩ። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ አልጠባ አለች። ፍሬወይኒ ጡቷ ብዙ ወተት ስለሌለው የዱቄት ወተት ነበር የምታጠጣት። ጡጦውን አፏ ላይ ስታደርግላት ጥቂት ስባ ትተወዋለች፣ አታለቅስም፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ፍሬወይኒ ብርድ ይሆናል ብላ ጠቀለለቻት። እኔ ወደ መስኮቱ አቅርቤ አየኋት። ከንፈሯ ሰማያዊ ነው። አመድ የነካው ዓይነት ሰማያዊ። ጥፍሮቿም እንደዚያው። ትንፋሿ ግን አይቆራረጥም፣ አያስላትም። ይህ ብርድ አይደለም አልኩ።

ከመቼ ጀምሮ ነው ስላት ከትናንት ወዲያ ትንሽ ጠቆር ብላ እንደነበር፣ የመብራቱ መስሏት እንደተወችው ነገረችኝ። እኔ ከሥራ የምገባው በመብራት ነበርና አላየሁም። ልጅቷን ይዤ ወጥ ቤት ስገባ ከማንቆርቆሪያው አጠገብ ያለውን የላስቲክ ጠርሙስ አየሁት። ፍሬወይኒ ከጉድጓዱ እየቀዳች የምታመጣበት ጠርሙስ ነው። ለመጠጣትና ለመረጨት ነው ብዬ አልጠየቅኳትም ነበር። ማንቆርቆሪያው ግን ትኩስ ነው፤ ያፈላችው የጠርሙሱን ውሃ ነው። ጠርሙሱን አየሁት፣ እሷን አየኋት። በዚያች ቅጽበት ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ የታደሰ አገጭ ግን ወደ ጉድጓዱ ሲያመለክት ታየኝ።

አምቡላንስ ጠርተን ስንጠብቅ የጁሊዮ መኪና በር ላይ ቆመ። ከሰው ሁሉ አጥብቄ የምጠረጥረው ሰው ነው። ልጅቷን ገልጬ አሳየሁት። ምንም ሳይጠይቅ የኋላውን በር ከፈተልን፤ አምቡላንሱን ራሱ ደውሎ አስቀረው።

በመንገድ ላይ ፍሬወይኒ ልጅቷን በስሟ እየጠራች እንዳትተኛ ታባብላታለች። ጁሊዮ በመስተዋቱ አንድ ጊዜ ዓይኔን አየና መኪናውን እኔ በማላውቀው ጠባብ መንገድ ውስጥ አስገባው። ሐኪም ቤቱ በዚህ አይደለም አልኩት። ፍጥነት ጨመረ። ግንብ አለፍን፣ የእርሻ በር አለፍን፣ ባዶ መንገድ ነው። ይህ ሰው ወዴት ነው የሚወስደን የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ዛሬ ስጽፈው ያሳፍራል፤ ያን ጊዜ ግን የበሩን እጀታ ይዤ ነበር። ከዚያ መንገዱ ድንገት ታጠፈና ከሐኪም ቤቱ ጀርባ ወጣን። «ዋናው መንገድ ቅዳሜ ይዘጋል» ብቻ አለ።

የልጆች ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት ሐኪም ተቀበለችን። ኦክስጅን አደረገችላት። የልጅቷ ከንፈር አልተለወጠም። ሐኪሟ ግንባሯን ቋጠር አድርጋ መጠየቅ ጀመረች። መድኃኒት ተሰጥቷታል? የልብ ችግር አለባት ተብሏል? በመጨረሻ፣ የወተቱን ዱቄት በምን ውሃ እንደምትበጠብጠው ፍሬወይኒን ጠየቀቻት።

ፍሬወይኒ፣ «በቧንቧ ውሃ» አለች።

ሐኪሟ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለቻት። አዎ አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ እንደዚያ የሚለምን ዓይን አይቼ አላውቅም። ፍርሃቷ ገባኝ። ጸበል ነው ብትል የሚገባቸው የለም። ሕፃን የጉድጓድ ውሃ የምታጠጣ እናት ብለው የሕፃናት ጉዳይ ሰዎችን ይጠሩባታል፣ ልጄን ይወስዱብኛል ብላ ነው። እንዲህ ሆነባቸው የሚባሉ ሰዎች ወሬ ሁላችንም ጆሮ ውስጥ አለ።

እኔም የራሴ ፍርሃት ነበረኝ። ጉድጓዱ ነው ካልኩ ኮሙኔው ይመጣል። የታደሰ ጸበል ይዘጋል። የግቢው አትክልተኛ ማን ነበር ተብሎ ይጠየቃል፤ ታደሰ ይባላል፤ ሞቷልና መልስ አይሰጥም። ጁሊዮ ደግሞ እኔን ለማስወጣት ከዚህ የተሻለ ምክንያት አያገኝም። ሰውየው በሩ ላይ ቆሟል። ቤቴ፣ የባሌ ስም፣ ፍሬወይኒ በእኔ ላይ ያላት እምነት፣ ሁሉም አፌ ላይ ናቸው። ልጅቷን አየኋት። እጇ ከጨርቁ ወጥቶ ነበር፤ ጥፍሮቿ ከቅድሙ ይልቅ ጠቁረዋል።

«ዶቶሬሳ፣ ውሃው ከጉድጓድ ነው» አልኩ። «ጉድጓዱ ዙሪያ የሣር ማዳበሪያ ተበትኗል። ዝናብ ዘንቦበታል። እኔ በእጄ ነክቼዋለሁ።»

ፍሬወይኒ በአማርኛ፣ «እትዬ፣ ምነው?» አለችኝ።

ሐኪሟ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ወዲያው ደም ቀዳች። ደሙ ቀይ አልነበረም፤ ቡናማ ነው፣ የተበጠበጠ ቸኮላታ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሮጡ። እኛን ወደ ኮሪደሩ አወጡን።

በኮሪደሩ ውስጥ ስድስት ወር ያጠራቀምኩት ወጣ። ጁሊዮን ፊት ለፊት ቆሜ፣ አንተ በድብቅ ያመጣኸው አትክልተኛ ነው ይህን ያደረገ አልኩት። የባሌን ቦቲ ያስጫማኸው፣ ላቫንዳውን ያስቆረጥከው፣ ደንቡ በርህ ላይ ተለጥፎ እያለ ማዳበሪያ ያስበተንከው አንተ ነህ አልኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቁልፉ ላይ ዓይኑን አንሥቶ አየኝ።

«ሲኞራ፣ እኔ አትክልተኛ አልቀጠርኩም» አለ። «የሚመጡት የእርስዎ ሰዎች ናቸው። በቀብሩ ላይ ቀርበው ለመኑኝ። እኛ አትክልቱን እንይዛለን፣ እስከ ሙት ዓመቱ እሷን ከቤቷ አታውጣት አሉኝ። እርስዎ እንዳይሰሙም አስማሉኝ። በየሳምንቱ የሚመጣው ሰው ሌላ ነው። ስማቸውን አላውቅም።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ፍሬወይኒን አየኋት። ራሷን ዝቅ አድርጋ ሁሉን ነገረችኝ።

ማኅበሩ ጽዋውን በሚያዞርበት ተራ ሥራውን ሲያዞር ነው የከረመው። የሚመጡት ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ አንዱ ሐሙስ ጥበቃ የሚሠራው፣ አንዱ ሐሙስ ምግብ አመላላሹ፣ አንዱ ሐሙስ ሽማግሌ የሚያስታምመው። በዕረፍታቸው ቀን በሁለት አውቶብስ እየመጡ፣ ጫማቸው እንዳይበላሽ፣ ፀሐይ እንዳይመታቸው የታደሰን ቦቲና ባርኔጣ አድርገው፣ አጭደው፣ እኔ ሳልገባ ይሄዳሉ። ቢነገራት አትቀበልም፣ ወይ እኔ ራሴ ካላጨድኩ ትላለች ብለው ነው። ሲኞራ ፍራንካ በየሐሙሱ ያዩት ታደሰ፣ ሲወፍርና ሲከሳ የከረመው ታደሰ፣ ይኸው ነበር።

ከመካከላቸው ግን ከታደሰ በቀር አትክልተኛ አልነበረም።

ዮናስ ከሥራው እንደወጣ የወጥ ቤት ነጭ ልብሱን ሳይቀይር እየሮጠ መጣ። ፍሬወይኒ በትግርኛ ነገረችው። ማዳበሪያ የሚለው ላይ ስትደርስ ፊቱ ተለወጠ። ወደ እኔ መጥቶ ቆመ። መቀመጥም አልቻለም።

«እትዬ፣ የበተንኩት እኔ ነኝ» አለ። «ከዝናቡ በፊት ተራው የእኔ ነበር። ነጮቹ ድንጋዮች ለጌጥ መስለውኝ። ውስጡ ያለው ሣር የተራበ መሰለኝ። ለጋሼ መንፈቅ ሰው ሲመጣ ጸበላቸው ዙሪያ ገርጥቶ እንዳይታይ ብዬ ነው።»

በሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያ አላየህም ወይ አልኩት። «አይቼዋለሁ። ለባለቤቶቹ ነው ብዬ ነው» አለ። ፍሬወይኒ ከልጇ ሆድ ቁርጠት ጋር ስትቸገር ጸበሉን ማምጣት የጀመረችው እዚያው እኔ ቤት ሆና ነው፤ እሱ አያውቅም። እሱ የበተነውን ደግሞ እሷ አታውቅም። ተራው መድረሱን እንጂ ምን እንደሠራ አልነገራትም።

ልጮህበት ፈልጌ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው። «ቦቲው አልጠበበህም?» አልኩት።

«ጠቦኝ ነበር» አለና ያኔ አለቀሰ።

ሐኪሟ ከሰዓት በኋላ ወጣች። ማዳበሪያው ውሃ ውስጥ ሲገባ ትልቅ ሰው ላይ እንደዚህ እንደማይታይ፣ ጨቅላ ሕፃን ላይ ግን ደሙ አየር መሸከም እንዲያቅተው እንደሚያደርግ አስረዳችን። ፍሬወይኒ በደንብ አፍልቼዋለሁ አለቻት። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ይህን አያወጣውም፣ ውሃው ሲቀንስ እንዲያውም ይብስበታል አለች። በደም ሥሯ መድኃኒት ሰጥተዋታል። ገብተን ስናያት ከሕፃኗ ክንድ ጋር በተያያዘው ቀጭን ቱቦ ውስጥ የቀረው መድኃኒት እንደ ብዕር ቀለም ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ የሆነችን ልጅ በሰማያዊ ነገር አዳኗት። ከንፈሯ ላይ መጀመሪያ አንድ ቦታ፣ ቀጥሎ ዙሪያውን፣ ሮዝ ቀለም ሲመለስ ቆመን አየን። ከዚያ አለቀሰች። ያ ለቅሶ ታደሰ ከሞተ ወዲህ ደስ ያሰኘኝ የመጀመሪያው ነገር ነበር።

ማንም ልጅ አልወሰደባቸውም። ሐኪሟ ስለ ጉድጓዱ ለሚመለከታቸው እንደምታሳውቅ ስትነግረን እኔ አሳያቸዋለሁ አልኩ። ጁሊዮ ለአክስቱም ለቤቱም ጣጣ እንደሚሆን ቀስ ብሎ ነገረኝ። ከቦዩ ወዲያ ያሉት ቤቶችም ጉድጓድ እንዳላቸው፣ ከእነሱ በአንዱ ነፍሰ ጡር እንዳለች ነገርኩት። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አለ። በሳምንቱ መጀመሪያ የኮሙኔው ሰው የውሃ ናሙና መውሰጃ ጠርሙሶች ይዞ ሲመጣ ጁሊዮም አብሮኝ ቆመ። ለሰውየው ድንጋዮቹን አሳየሁት። ይህን መስመር የሠራው ባለቤቴ ነው፣ በሕይወቱ አልፎት አያውቅም፣ ጻፈው አልኩት። ጻፈልኝ።

ጉድጓዱ ታሸገ። መንፈቁ በቤተ ክርስቲያን ሆነ። ማኅበርተኞቹ አንድ በአንድ እየመጡ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ። ነገር አታብዢ ያሉኝ ታላቃችን ላቫንዳውን የቆረጡት እሳቸው መሆናቸውን ነገሩኝ። አረም አይመስልም ወይ ብለው ተከራከሩኝም። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሐል ሳቅሁ። በነገሩ ከተጎዱት ሁሉ ያልተጽናናው ዮናስ ነው። ክርስትናው ዘግይቶ ሆነ፤ ለጥምቀቱ ከቧንቧ የተቀዳውን ውሃ አባ ከመባረካቸው በፊት ዮናስ አንድ ብርጭቆ ቀድቶ ፊታችን ጠጣ። ማንም እንዲያደርገው አልጠየቀውም።

ቤቷን ለቅቄያለሁ። ጁሊዮ እስከ ሙት ዓመቱ እንድቆይ ነግሮኝ ነበር፤ ሰዎቹ ግን ከእንግዲህ ማጨድ እንደማይችሉ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መምጣት እንዳለበት ነገረኝ። ልክ ነው። ዛሬ ቶር ፒኛታራ፣ ከእነ ዮናስ አንድ ፎቅ ከፍ ብዬ እኖራለሁ። ይህን የምጽፈው ልጅቷ ከታች ስትሮጥ እየሰማሁ ነው።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ስለ ጥርጣሬ ምን ልበላችሁ? ጥርጣሬዬ ስለ ሣሩ ትክክል ነበር፤ ስለ ሰዎቹ ግን አልነበረም። ሣሩን ተንበርክኬ በእጄ ነካሁት፤ ሰዎቹን ፊታቸውን ብቻ ነው ያየሁት፣ አልጠየቅኳቸውም። እናንተም ሐዘንተኛ ስትረዱ አትደብቁት። ያሰባችሁለትን ንገሩት፣ ይቆጣ፣ እንቢ ይበል፤ ከዚያ ሣሩ እንዴት እንደሚያዝ እሱ ያሳያችኋል። እኔ ሐሙስ ሐሙስ እቤት ብውል ኖሮ ስለ ድንጋዮቹ እነግራቸው ነበር። በየበሩ የሚለጠፈውንም ለእነሱ ነው ብላችሁ አትለፉት። ውሃው የእኛና የእነሱ ብሎ አይለይም።

ባለፈው ወር ሲኞራ ፍራንካን ልጠይቅ ሄድኩ። እጄን ይዘው ታዴ የት እንደሄደ ጠየቁኝ። ከመስኮታቸው ወደ ታች አየሁ። አዲሱ አትክልተኛ ድንጋዮቹን እንደገና ነጭ ቀብቷቸዋል። በውስጣቸው ያለው ሣር ገርጥቷል፤ ታደሰ በነበረበት ጊዜ እንደነበረው ገርጥቷል።

«እዚያው ነው ሲኞራ» አልኳቸው። «ይታየኛል።»